ለክቡር ቆንስል፦ በበርዎ ላይ ስለለጠፉት ዝርዝራችን

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎ ባለፈው እሑድ በሰላም በአውሮፕላን መሄዳቸውን ሰምተን እፎይ ብለናል። እኔ ከዋናው መንገድ ዳር አነስተኛ ላውንደሪ ያለኝ ዜጋዎ ነኝ። ይህ የሰው አገር መታመስ ከጀመረ ወዲህ ለዜጎችና ለነጋዴዎች ስለሰጧቸው ምክሮች ሳላመሰግን ብቀር ውለታ ቢስ እሆናለሁ።

፩ኛ፣ ድንጋጤ እንዳይፈጠር ሱቃችንን እንደወትሮው እንድንከፍት መክረውናል። ከፈትን። በሦስተኛው ቀን መስታወቱ ስለረገፈ አሁን መዝጋትም አልቻልንም።

፪ኛ፣ ሰው ከተሰበሰበበት እንድንርቅ አሳስበዋል። እኛማ ርቀን ነበር፤ ስብሰባው ነው ደጃፋችን ድረስ የመጣው።

፫ኛ፣ ማን ይናገር የነበረ ነውና እዚህ ላይ ረዘም ብል ይታገሡኝ። ለደኅንነታችሁ ተመዝገቡ ሲሉን ተመዘገብን። ቅጹ የቤት ቁጥራችንን፣ ሱቅ የምንዘጋበትን ሰዓት፣ ራሱን ችሎ መንቀሳቀስ የማይችል ሰው መኖር አለመኖሩን ይጠይቃል። እኔ ሞኙ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «እናቴ፣ ከአልጋ የማትነሣ፣ የኋላው ክፍል» ብዬ ሞላሁ። እርስዎም ስሙ የተሳሳተበት ቀርቦ ያሳርም በማለት ዝርዝሩን ከነማኅተሙ በውጭው በር ሰሌዳ ላይ ለጠፉት። አንድም ፊደል አልተሳሳተም። ከእኛ ቀድመው ያነበቡት የአገሩ ጎረምሶች በስልካቸው ፎቶ አንሥተውት ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ የሚመጡት በተራ ቁጥር ነው። ተራ ቁጥር ዐሥራ አራት፣ ጸጉር አስተካካዩ፣ ሰኞ ዕለት ተወሰደ፤ እስካሁን ያየው የለም። ረቡዕ ልብስ ሰፊዋ ጋ ሄዱ፤ የስፌት መኪናዋ ዛሬም መንገዱ ላይ እንደተገለበጠ ነው። ትናንት ዐሥራ ስድስተኛው ቤት ተቃጠለ። እኔ ዐሥራ ሰባተኛ ነኝ፤ ክቡር ሆይ፣ በጣም ፈርቻለሁ። ስሜ እንዲሰረዝ ብደውል ጸሐፊዎ በአካል ካልቀረብኩ እንደማይቻል፣ ደግሞም ከቤት መውጣት አደገኛ መሆኑን በትሕትና አስረዱኝ።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት እናቴን በልብስ ጋሪ አስተኝቼ፣ የደንበኛ አንሶላ ከላይ ደርቤ፣ በእነዚያው ጎረምሶች መሐል እየገፋሁ አሳለፍኳት። አንደኛው መንገድ ለቀቀልኝ።

ማኅተምዎ እንዳይደበዝዝ፣ ወንበርዎም እንዳይነቃነቅ ከልብ የምመኝ፣

አክባሪዎ ተራ ቁጥር ዐሥራ ሰባት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ፣ ቤት የቀየራችሁ ለደኅንነታችሁ ሲባል አዲሱን አድራሻ በአስቸኳይ አስመዝግቡ የሚለው መልእክትዎ በስልኬ ደረሰኝ። ለእናቴ አነበብኩላት። ዕድሜዋን ሙሉ መንግሥት ያለውን ስትፈጽም የኖረች ሴት ናት። «ልጄ፣ በሞቴ፣ እንዳትነግራቸው» አለችኝ።