ከሙጫ ክፍል የተላከ ማመልከቻ

ጥር 6
ዛሬ አሥራ አንድ መጽሐፍ ጠገንኩ። ሁለቱ ሽፋን የሚባል ነገር አልተረፋቸውም። አንዱ ውስጥ፣ ገጹ ጥግ ላይ፣ በእርሳስ «እኔም እንደዚህ ነው የሚሰማኝ» ተብሎ ተጽፏል። የልጅ ጽሕፈት ነው። ላጲስ አነሳሁ... መልሼ አስቀመጥኩት። ማን ይሆን? ምን ተሰምቶት? ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ ፈዝዤ ቀረሁ። የምሠራበት የቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት መስኮት የሚያሳየኝ የመንገደኛ እግር ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ እግር ፊት ስፈጥርለት እውላለሁ። ሥራ የፈታሁ ይመስል!

ጥር 9
የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ወርደው መጡ። እሳቸው እኮ ወርደው አያውቁም። አንድ ወረቀት እርጥብ ሙጫ ላይ ሊያስቀምጡ ሲሉ ለጥቂት ያዝኩት። የነጻ ትምህርት ዕድል ነው... ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከልጆችና ከወጣቶች ጋር ለመሥራት ለሚማሩ። ሁለት ዓመት። ሌላ ከተማ።
«ለምን ለእኔ?»
«ልጆቹ መጽሐፍ ሲፈልጉ ማንን እንደሚጠይቁ ታውቂያለሽ? ‹ሙጪት የለችም ወይ?› ነው የሚሉኝ። እኔ እዚያው ፊታቸው ተገትሬ!»
ሙጪት ነው ለካ የሚሉኝ። ሙጫ ሙጫ ስለምሸት መሰለኝ። ደስ አለኝ። ሞኝ።

ጥር 12
ለእትዬ አልነገርኳትም። እህቴ ናት፤ ግን በስሟ ጠርቻት አላውቅም። እናታችን ስታርፍ እኔ ሦስት ዓመቴ፣ እሷ አሥራ ሁለት። ከአምስተኛ ክፍል ወጥታ አሳደገችኝ። ይኸው እስከ ዛሬ በቤታችን የፊት ክፍል የሰው ጸጉር ትሠራለች።
እራት ላይ፣ «ሐሳብሽ የት ነው ያለው?» አለችኝ።
«ደክሞኝ ነው።»
ስዋሽ ጆሮዬ ይቀላል። እሷ ደግሞ የምታየው ጆሮዬን ነው። 

የካቲት 2
ማመልከቻው «ከወጣቶች ጋር የሠሩትን ይግለጹ» ይላል። ምን ልግለጽ? የቀደዱትን ሰፋሁ ልበል? ለኃላፊዋ ነገርኳቸው። «ቅዳሜ ቅዳሜ ላይኛው ፎቅ ያለችውን ትንሿን ክፍል ውሰጂ» አሉኝ። እንዲህ በቀላሉ!

የካቲት 9
አራት ልጆች መጡ። ጥያቄ በወረቀት አዘጋጅቼ ነበር። የምትወዱት መጽሐፍ የቱ ነው... ከመጽሐፉ ምን ተማራችሁ... ጸጥ። ግድግዳው ራሱ አፈረልኝ። ጓደኞቿ ጥድፊያ የሚሏት ልጅ፣ «ትምህርት ቤት አስመሰልሽው እኮ!» አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።
ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ወደ ምድር ቤት ሮጬ የተቀደዱ መጻሕፍት፣ መርፌና ክር ይዤ ተመለስኩ። እጃቸው ሥራ ሲይዝ አፋቸው ተፈታ። ስለ ሒሳብ አስተማሪያቸው፣ ስለ ብጉር፣ ስለማያናግራቸው አባት... በመጨረሻ እስካሁን አፏን ያልከፈተችው ዝምተኛዋ ልጅ፣ ቀና ሳትል፣ «ከዚህ ላይ የጎደለውን ገጽ የቀደድኩት እኔ ነኝ» አለች።
«ለምን?»
«እዚያ ላይ ልጅቷ ትሞታለች። ገጹ ከሌለ አትሞትም ብዬ...»
«አሁን የት ነው?»
«ትራሴ ሥር።»
ማንም አልሳቀም። እኔም መልሺ አላልኳትም።

የካቲት 16
ዝምተኛዋ ገጹን አመጣችው። ራሷ ሰፋችው። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችልን። ስትጨርስ፣ «ሞተች» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ፣ «ግን ከፊት ባሉት ገጾች እስካሁን አለች።»
ቀኑን ሙሉ እንደተንሳፈፍኩ ዋልኩ።

መጋቢት 20
ለነጻ ትምህርቱ የጠሩኝ የቃል ፈተና ዛሬ ነበር። ሦስት ሰዎች፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ። የተዘጋጀሁበት ሁሉ ከጭንቅላቴ በኖ ጠፋ። የተቀደደውን ገጽ ታሪክ ነገርኳቸው።
ከሦስቱ ሽማግሌው፣ «መጽሐፍ ለቀደደ ቅጣት የላችሁም?» አሉኝ።
«አለን። እሷ ግን ራሷ ሰፋችው።»
መነጽራቸውን አወለቁ። ጠረጉት። «ቀጣይ» አሉ። ምን ማለት ነው? ደግ ነው? ክፉ ነው? አውቶቡስ ውስጥ ይህን ሳሰላስል መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ። በእግሬ ተመለስኩ... ጀምበሯ በየሱቁ መስታወት ላይ ነበረች።

ሚያዝያ 11
እትዬ ፖስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የታሸገ። «ሦስት ቀኑ ነው። ከመስታወቱ ጀርባ ደብቄው ነበር።»
«አውቀሻል እንዴ?»
«ጆሮሽ ከጥር ጀምሮ ቀልቶ ነው የከረመው!»
«ለምን ደበቅሽው ታዲያ?»
«እሺ ብሎሽ ቢሆንስ ብዬ ፈራሁ። ደግሞ እንቢ ብሎሽ ቢሆንስ... እሱንም ፈራሁ።»
ከፈትኩት። ተቀብለውኛል። እትዬ መጥረጊያ አንስታ ንጹሑን ወለል ትጠርግ ጀመር። ጀርባዋን ሳይ አላስቻለኝም። «አልሄድም» አልኩ።
መጥረጊያውን ጣለችው። «ጥፊ እንዳትቀምሺ! እኔ ከአምስተኛ ክፍል የወጣሁት አንቺ ምድር ቤት እንድትቀሪ ነው?»
ከዚያ ተቃቅፈን አለቀስን። ጸጉር ልትሠራ የመጣች ሴት በር ላይ ቆማ ሰው የሞተብን መስሏት «አይዟችሁ፣ ማን ነው?» አለች። ለቅሷችን ወደ ሳቅ ዞረ።

ነሐሴ 28
ሻንጣ። አውቶቡስ። እትዬ አላለቀሰችም። ጸጉሬን አጥብቃ ከመጎንጎኗ የተነሣ ዓይኔ ተወጥሮ እኔም ማልቀስ አቃተኝ።

መስከረም 19
እዚህ አስተማሪያችን ወለል ላይ ተቀምጣ ነው የምታስተምረን። «የልጅ ዓይን ካለበት ከፍታ ጀምሩ» ትላለች። ወድጃታለሁ። ግን ዛሬ ከኃላፊዋ ደብዳቤ ደረሰኝ። በእኔ ቦታ ሰው አልተገኘም። ትንሿ ክፍል የወንበር ማከማቻ ሆናለች። ልጆቹስ? ሌሎች ልጆችን ላገለግል ብዬ የራሴን በትኜ መጣሁ? ንባቡ አልገባ አለኝ። መስኮት ሳይ ዋልኩ።

ጥቅምት 9
ቅዳሜ። ወደ ቤት ደወልኩ። ከእትዬ ድምፅ በፊት የልጆች ጫጫታ ሰማሁ።
«እትዬ? ማን አለ እዚያ?»
«ዝም በይ፣ ምዕራፉ አላለቀም!»
«የምን ምዕራፍ?»
ልጆቹ ናቸው። መቼ እንደምመለስ ሊጠይቋት ሄደው ዝናብ ያዛቸው። አስገባቻቸው። ጥድፊያ ቦርሳዋ ውስጥ መጽሐፍ ነበራት። ይኸው አራተኛ ቅዳሜያቸው። እነሱ በየተራ ያነባሉ፣ እሷ በየተራ ጸጉራቸውን ትጎነጉናለች። ጸጉር ሊሠሩ የሚመጡት ሴቶችም ተሠርተው ካለቁ በኋላ አይሄዱም አለችኝ።
ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ባለፈው እኔም አንድ ገጽ አነበብኩ።»
«አንቺ?»
«ቀስ ብዬ ነው። ፊደሉ ይምታታብኛል። ያቺ ዝምተኛዋ... ጠበቀችኝ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።»
ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት። 
«እትዬ...»
«በይ፣ በኋላ ደውዪ። ልጅቷ ድልድዩ መሃል ላይ ናት፣ ገመዱ እየተበጠሰ ነው!»
ዘጋችብኝ።
ስልኩን እንደያዝኩ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ተማሪዎች በአጠገቤ እየሳቁ ያልፋሉ... ልጅቷ ተሻግራ ይሆን?