በሺር ያመጣው ቀርከሃ

ለልጄ ለረውዳ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ከሰው ዓይን ይሰውርሽ፣ በሰላም አገርሽ ያግባሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ደሴ ብርዱ ብሶበታል። የእጮኛሽን ነገር በስልክ ሳነሳብሽ ስለምትዘጊብኝ ነው የጻፍኩልሽ።

ያ በሺር ለዒድ «የዕድል ቀርከሃ ነው» ብሎ ብርጭቆ ውስጥ የቆመ ሦስት ዘንግ አምጥቶልኝ ነበር። እኔ የኩታበር ልጅ ቀርከሃ አጥር ሲሆን እንጂ እንደ ሕፃን ሲሞላቀቅ አላየሁም። ሪዝቅም ዕድልም ከአላህ እንጂ ከብርጭቆ አይመጣም። ቢሆንም ላንቺ ስል፣ እሱ እንዳዘዘኝ ውሃ እያፈላሁ፣ እያቀዘቀዝኩ በየጁምዓው ቀየርኩለት።

ከዚያ ደረጃው ላይ ወድቄ እግሬ ተሰበረ። እንዳትደነግጪ ብዬ ነው የደበቅኩሽ፤ አሁን እራመዳለሁ። ጀሶ ታስሮልኝ ተኝቼ ሳለሁ የቀርከሃው ቅጠል ገረጣ። በሺር ከኮምቦልቻ መጣ። ሊጠይቀኝ መስሎኝ ነጠላዬን አስተካከልኩ። እሱ አልፎኝ ወደ መስኮቱ ሄደና፣ «የቧንቧ ውሃ አያጠጡት አላልኩም?» አለኝ።

«ውሃው ጓዳ አለ፤ አንተው ቀይርለት» ስለው፣ «መኪና እየጠበቀኝ ነው» ብሎ ወጣ። የቀየረችለት ጎረቤቴ ሰርክአዲስ ናት፤ እኔንም ያጠበችኝ እሷው ናት።

የቅጠል መገርጣት ታይቶት የእኔ ጀሶ አልታየውም። ይኼም ወንድ ተብሎ ይታጫል!

አደራሽን ልጄ፣ ከኒካው በፊት አንዴ ነይ። እኔ አንድም ቃል አልናገርም፤ እሱን ከፊቴ አስቀምጠሽ ራስሽ እይው። አላህ ልብሽን ያብራልሽ፣ የሚያዝንልሽ ሰው ይስጥሽ።

እናትሽ ዘይነብ