ጫማ ሣጥን ውስጥ የቀረው ወረቀት

ሰኞ፣ ኅዳር 8 ቀን

ለአንጀቴ ልጅ፣

እንዴት ከርመሻል? እኔ ጉልበቴ ደረጃ ላይ ያስቸግረኛል እንጂ ደኅና ነኝ። ልጅሽም ደኅና ናት፤ ትማራለች፣ ማታ ማታ ከእኔ ጋር ትጨቃጨቃለች። ያንቺኑ አፍ ነው የወሰደችው።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ዛሬ አልቀደውም።

ሠርግሽ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ለአባትሽ እንድሰጥልሽ ወረቀት አስጨበጥሽኝ። “እማዬ፣ ፊቱ ቆሜ መናገር አልችልም” አልሽኝ። ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር። ምን እንዳለበት ለማወቅ ግን ፊደል አላስፈለገኝም፤ ዓይንሽን አይቼዋለሁ።

ቆዳ ነጋዴው ለአባትሽ ቆዳ መስጠት ካቆመ አራት ወሩ ነበር። ሠራተኞቹ ባዶ ጠረጴዛ ከበው፣ “ቆዳና ጫማ ካልተጋቡ እኛም በባዶ እግራችን ልንሄድ ነው!” እያሉ ይሳሳቁ ነበር። አባትሽ አልሳቀም። ነጋዴው አንቺን ለወንድ ልጁ ሲጠይቀው “ልጄ እሺ ካለች” ብቻ ነበር ያለው።

ወረቀቱን በሰጠሽኝ ቀን ምሳ ላይ አባትሽ “ምን አለችሽ?” አለኝ። ወረቀትሽ ጉያዬ ውስጥ ነበር። “ደስ ብሏታል፤ አፍራ ነው እንጂ” አልኩት። ለአንቺ ደግሞ “አነበበው፣ ዝም አለ” አልኩሽ። ዝምተኛ ስለነበር አመንሽኝ። ለእሱ አዝኜ ነው ብል ደስ ባለኝ። እውነቱ ግን ሱቁ እንዳይዘጋ ፈርቼ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት ሰላምታ የነፈግሽው ምንም ያላወቀውን ሰው ነው። ቀብሩም ላይ አልቆምሽም። ታሞ ተኝቶ “ምን አድርጌያት ይሆን?” ይለኝ ነበር። ያኔም አልነገርኩትም።

ካረፈ በኋላ ጫማ በምንጠቀልልበት ጋዜጣ ላይ ፊደል ለየሁ። ዓመት ፈጀብኝ። ከዚያ ወረቀትሽን የደበቅኩበትን የሠላሳ ሰባት ቁጥሩን ጫማ ሣጥን ከመደርደሪያው አወረድኩ። “አባዬ፣ አንተ ይቅር ካልክ ይቀራል። አንድ ቃል ብቻ በለኝ” ይላል። አንድ ቃል፣ ልጄ።

ባልሽ ክፉ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስለ እሱ የጻፍሽልኝ ግን “አይመታኝም” የሚለውን ብቻ ነው።

አሁን ልጃችሁን ለባልሽ ሸሪክ ልጅ ልትድሯት ነው። “አናግሪያትና እሺ ማለቷን ጻፊልኝ” ብለሽኛል። ትናንት ጠየቅኳት። ሳህን እያጠበች ነበር። እጇን አደራርቃ ወደ ክፍሏ ገባች፤ ቆይታ ወጣችና “አያቴ፣ ይህን ለእማዬ” ብላ የታሸገ ወረቀት ሰጠችኝ። ዛሬ ማንበብ ብችልም አልከፈትኩትም። ከዚህ ጋር ታገኚዋለሽ።

ለራሴ ይቅርታ አልለምንሽም። አባትሽን ግን እንደገና “አባዬ” በይው።

እኔን ያነሰኝን ድፍረት ለአንቺ ያብዛልሽ። የልጅሽን ቃል ከአፏ ሳይጠፋ የምትሰሚበት ጆሮ ይስጥሽ።

እናትሽ

ፖስታ ቤት ራሴ እሄዳለሁ። ለሰው አልሰጠውም።