ጥቁር የለበሱ እንግዶች

ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ከክረምት ወዲህ የአባባን ድምፅ አልሰማሁም።

ይድረስ ለእህቴ ለእትዬ አዲስዓለም። እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ጋሽ ካሳዬስ፣ ልጆቹስ? የደብረ ብርሃን ውርጭ ዘንድሮ ጨክኗል ሲሉ ሰማሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ የስፌቱም ሥራ አለ። ልቤ ግን አላረፈም። በደወልኩ ቁጥር አባባ አንድ ቀን ተኝተዋል፣ አንድ ቀን ጆሯቸው አይሰማም፣ አንድ ቀን ቅዳሴ ሄደዋል ትይኛለሽ። ቅዳሴ ያልሽኝ ቀን በእናንተ ሰዓት መሽቶ ነበር።

እዚህ ሰፈር በትርፍ ጊዜያቸው ቲያትር የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ጡረተኛው፣ አስተማሪው፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበው ይለማመዳሉ። ልብሳቸውን የምሰፋላቸው እኔ ነኝ። አሁን የያዙት የድሮ የእንግሊዝ ኮሜዲ ነው፤ አንድ ሀብታም ሰውዬ ሞተ ያስብልና ማን ከልቡ እንደሚያለቅስለት ለመስማት ቁም ሣጥን ውስጥ ይደበቃል። ሌላው በሳቅ ሲፈርስ እኔ መርፌዬን እንደያዝኩ ሳቅ አልመጣልኝም። እነሱ ያልሞተውን ይደብቃሉ፤ እኛ የሞተውን። ልቧ አይችልም ብላችሁ የእማማን መርዶ ስንት ጊዜ እንዳቆያችሁብኝ አልረሳሁም።

አዘጋጇ ለለቅሶው ትዕይንት ሰው አጠረኝ ስትል፣ ከቤተ ክርስቲያናችን አመጣልሻለሁ አልኳት። ለጓደኛዬ ለፋንታዬ ነገርኳት፤ ጥቁር ለብሳችሁ ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ በር እንገናኝ አልኩ። ቅዳሜ ገና ሲነጋጋ ግን የቤቴ በር ተንኳኳ። ስከፍት ፋንታዬ፣ ሁለት የማኅበራችን እናቶችና ያገራችን ሰው ጋሽ ዓለምሰገድ ጥቁር በጥቁር ለብሰው ቆመዋል። መርዶ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ታውቂያለሽ። አባባ ብዬ ጮኼ ደጃፉ ላይ ተዘረርኩ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ።

ፋንታዬ ደግፋ አነሳችኝና፣ ምን ሆነሻል፣ አንቺ አርፋጅ ስለሆንሽ ይዘንሽ እንሂድ ብለን ነው፣ ጥቁር ልበሱ ያልሽንስ ራስሽ አይደለሽም ወይ አለችኝ። ቀጥላም፣ እንዲህ የምታለቅሺ ከሆነ እኛን ምን አለፋሽን፣ መድረኩን ብቻሽን ትችይው ነበር ብላ አሾፈችብኝ። እናቶቹ ሳቁ። ጋሽ ዓለምሰገድ አልሳቁም፤ ጫማቸውን ያያሉ። መስከረም ላይ ከእናንተ ዘንድ የተመለሱት እሳቸው ናቸው። አባባን አገኟቸው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ቤተሰቡ ሁሉ ሰላም ነው አሉኝ። እኔ የጠየቅኩት ስለ ቤተሰቡ አልነበረም።

ትናንት ለቲያትሩ ሰውዬ ሚስት ቀሚስ ጥቁር ጨርቅ ልገዛ ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ሄድኩ። ሻጩ ርካሹን ዘረጋልኝ። ይሄ ይለቃል፣ ዓመት ሙሉ ቢታጠብ ቀለሙ የማይሄደውን ስጠኝ አልኩት። ለቲያትር ነው አላልሽኝም ወይ፣ ለስንት ቀን ብለሽ ነው አለኝ። ለማን እየገዛሁ እንደነበር ያኔ ገባኝ። እሱ መቀሱን እንዳነሳ ጥዬው ወጣሁ።

እትዬ፣ በስልክ ብጠይቅሽ መልስ አታጪም፤ ስለዚህ አልጠይቅሽም። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ጋሻው ነው፤ ከእኔ ጋር የሚሠራ ልጅ ነው፣ ዘመዶቹን ሊጠይቅ እየመጣ ነው። ጋሽ ካሳዬን ሰላም በይልኝ። ለሕዝቅያስ ጫማ፣ ለሲና ሹራብ ልኬያለሁ፤ ሁለቱንም ሳሚልኝ። ላንቺ ለጉልበትሽ የሚሆን ቅባት አለ። ለአባባ የሚሆን የሱፍ ኮፍያ ለጋሻው ሰጥቼዋለሁ። ኮፍያውን ግን ላንቺ አይሰጥሽም። በራሳቸው እጅ ካልተቀበሉህ መልሰህ አምጣልኝ ብዬዋለሁ።

እህትሽ ብፅዓት
ሆሎዌይ፣ ለንደን