ለሙሶንዳ ልደት ያመጣሁት ሳጥን

ውድ ካፔምብዋ፣

«ውድ» ያልኩህ የደብዳቤ ወግ ስለሆነ ብቻ ነው፤ እንዳትኩራራበት። ቅዳሜ ዕለት ዕቃዬን ሳስጭን በሩ ድረስ መጥተህ፣ ሰው እንዳይሰማህ ግራ ቀኝ አይተህ «አሁን ረካሽ?» አልከኝ። ሚስትህ ልታመሰግነኝ ስትመጣ ሳልመልስልህ ቀረሁ። መልሱን ይኸው ጽፌልሃለሁ።

ሚስትህ ስትደውልልኝ ማን መሆኗን አላወቅኩም ነበር። «ለልጄ ልደት አስማት የሚያሳዩ ሴት አሉ ብለውኝ ነው» አለች። ቤታችሁ የት ነው ብላት «ቺሌንጄ ሰፈር መጥተው የካፔምብዋ ቤት ይበሉ፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው ካሉ ሕፃን ልጅ ያሳይዎታል» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅኩ። ለልጆች ልደት መሐረብና ርግብ ይበቃል። እኔ ግን ሳጥኑን አስጫንኩ።

ሳጥኑን በገዛ እጅህ ነው የሠራኸው። ኪትዌ ከተማ አዳራሽ ውስጥ «ፕሮፌሰር መብረቅ» ተብለህ፣ ካባህን ደርበህ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የዘጋህብኝ እሱን ነው። ስታዞረው የውስጡ ግድግዳ አብሮ ዞረና ከኋላ ደበቀኝ። ባዶውን ለሕዝቡ አሳየህ፣ ተጨበጨበልህ፣ በጓሮ በር ወጥተህ የሉሳካ አውቶቡስ ላይ ወጣህ። ከኋላ ያለችውን ትንሽ በር በጉልበቴ ገፋ ባደርጋት እወጣ ነበር። ግን ሰው ካየኝ ምስጢርህ ይወጣል፣ መሳቂያ ትሆናለህ ብዬ ጠበቅኩህ። ተፏጨ፣ ተሰደብኩ፣ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ሆነ፣ አሁንም ጠበቅኩህ። ያወጣኝ ወለሉን ሊጠርግ የገባው ዘበኛ ነው። «እህቴ፣ ሰውዬሽ እኮ ከሄደ ቆየ» አለኝ። ይሄን አረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ቅዳሜ ማንጎው ሥር ዕቃዬን ስዘረጋ ሚስትህ ቤት የጠመቀችውን ሙንኮዮ በብርጭቆ ይዛልኝ መጣች። ደግ ሴት ናት፤ እሷን አልጠላኋትም። «የሙሶንዳ አባት እንዲህ ያለ ጨዋታ አይቶ አያውቅም» አለችኝ። «ወጣትነቱን በሙሉ ጆሃንስበርግ ብየዳ ላይ ነው የጨረሰው፣ ምስኪን።» ሙንኮዮው ትን አለኝ።

ከዚያ አንተ ከጸሎት መጣህ። ዓይንህ መጀመሪያ ሳጥኑ ላይ፣ ቀጥሎ እኔ ላይ አረፈ። እና ምን አልከኝ? «እንኳን ደህና መጡ፣ እመቤት።» እመቤት! ስንት ዓመት በአንድ ድስት የበላን ሰዎች! ያን ጊዜ ትንሽ ተጨንቀህ «ምዋንሳ፣ እባክሽ» ብትለኝ ኖሮ፣ እውነቴን ነው፣ በመሐረቡና በርግቧ ጨርሼ እሄድ ነበር።

«ማን ይግባ?» ብዬ ጮህኩ። ልጆቹ «የሙሶንዳ አባት! የሙሶንዳ አባት!» አሉ። ልጅህ በነጭ ቀሚሷ እየሮጠች እጅህን ጎተተች። አንተ ወደ ኋላ፣ እሷ ወደ ፊት። የሚስትህ ወንድም ቺሉፍያ ሳምቡሳውን እያኘከ «ግባ እንጂ አማቼ! ለስብከት ሲሆን አንበሳ፣ ለሳጥን ሲሆን አይጥ?» አለህ። ግቢው በሳቅ ሞላ። ገባህ። በሩን ስዘጋ በጆሮህ የነገርኩህን አትረሳውም፦ «ድምፅህን ካሰማህ ይህን ሳጥን ማን እንደሠራው እነግራቸዋለሁ።»

አዞርኩት። ከፈትኩት። ባዶ! ልጆቹ ጮኹ፣ ቺሉፍያ ሳምቡሳው ከእጁ ወደቀ። እኔ ደግሞ በትዕቢት «አሁን ኬኩ ይምጣ» አልኩ።

ሻማው ተለኮሰ፣ ተዘፈነላት። ሙሶንዳ ግን እፍ አልልም አለች። «አባዬ ይምጣና።» እናቷ «እፍ በይ የኔ ቆንጆ፣ ይመጣል» ብትላት እምቢ። ከወንበሯ ወርዳ ወደ ሳጥኑ ሄደችና አፏን እንጨቱ ላይ ለጥፋ «አባዬ፣ ሻማው እየቀለጠ ነው» አለች። ትወጣለህ ብዬ ነበር፣ ካፔምብዋ። በሯን በጉልበትህ ገፋ ማድረግ ብቻ ነበር። «አባዬ፣ ውጣ በቃ» አለች ደግማ። አልወጣህም። እኔ ያኔ ዝም ያልኩት ለአንተ ክብር ነበር፤ አንተም ቅዳሜ ዝም ያልከው ለአንተው ክብር ነው። ልጅቷ ተመልሳ ሻማዋን ብቻዋን አጠፋች፤ የጨበጨበላት ጥቂት ሰው ነው።

ከዚያ አወጣሁህ። ዓይንህን እያሻሸህ «የት ነበርኩ?» ስትል ሰው ሁሉ ሳቀልህ፤ ጥበብህ አሁንም አለህ። ሙሶንዳ አልሳቀችም። «ስጠራህ ሰምተኸኝ ነበር?» አለችህ። «አልሰማሁም የኔ እናት፤ እዚያ ውስጥ ምንም አይሰማም።»

ሥራችንን ታውቃለህ፤ አሮጊቶቹ ጥንቆላ ነው ብለው እንዳያሙን መጨረሻ ላይ አንዱን ጨዋታ ገልጠን እናሳያለን። ብዙ ጊዜ የመሐረቡን ነው የማሳየው። ቅዳሜ የሳጥኑን አሳየሁ። ልጅህን አስገብቼ፣ አዙሬ፣ ከውጭ ሆኜ በሹክሹክታ «ሙሶንዳ፣ ከታች ያለችውን እንጨት ገፋ አድርጊያት» አልኳት። ወዲያው ከኋላ ባለችው ትንሽ በር ወጣች። ሁሉም አጨበጨበ። እሷ ግን ቆማ አንተን ታይ ነበር። ማን እንደሠራው አልተናገርኩም፤ ቃሌን ጠብቄያለሁ።

ልጅቷ ምን በደለችሽ ትለኝ ይሆናል። ምንም። እኔም ኪትዌ ላይ ምንም አልበደልኩህም ነበር።

ረካሽ ወይ ላልከው፣ እስከ ትናንት ድረስ እርግጠኛ አልነበርኩም። ትናንት ሚስትህ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ተጨንቋል። «ይቅርታ ላስቸግርዎ ነው» አለችኝ። «ሙሶንዳ ከቅዳሜ ጀምሮ አባቷ ሲጠራት ዞር ብላም አታየው። ለምን ስላት ‹አልሰማሁትም› ትለኛለች። ሳጥኑ ውስጥ ስትገባ ጆሮዋን መቷት ይሆን?»

«አይዞሽ» አልኳት፣ «የልጅሽ ጆሮ ደህና ነው።»

አዎ፣ ካፔምብዋ። ረክቻለሁ።

ምዋንሳ