እኔን ያልተቀበለኝ ኮሌጅ

አሰላ፣ ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአኮረፈችኝ እህቴ፣ ለወደፊቷ ሲስተር ሃዊ፤

አሰላሙ ዓለይኪ። እባክሽ ሳትጥይው አንብቢው። ስልክ ስደውል ድምፄን እንደሰማሽ ትዘጊያለሽ። በሥራ ባልደረባዬ በሚፍታ ስልክ ሞከርኩ፣ እሱም ላይ ዘጋሽበት፤ ምስኪኑ እስከ ዛሬ «እኔ ምን አደረግኳት?» ይለኛል። ስለዚህ ወረቀት ያዝኩ። ስንዴ ጭኖ ሐዋሳ የሚመላለሰው ጉደታ ጎማ ሊያስጠግን ጎሚስታችን ሲመጣ እሰጠዋለሁ። ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም።

ጥፋቴን አልክድም። ሐምሌ ላይ ድምፄን አወፍሬ «ከኮሌጁ ሬጅስትራር ነው፣ ተራሽ ደርሷል፣ ነገ ቅረቢ» ያልኩሽ ለሳቅ ነበር። አንቺ ግን የሐዋሳውን ፋብሪካ ተሰናብተሽ፣ ፍራሽሽን አብራሽ ለምትኖረው ማሂ አውርሰሽ፣ ሻንጣሽን ይዘሽ መናኸሪያ ከደረስሽ በኋላ ነው እውነቱን የነገርኩሽ። ሁለት ዓመት ስትጠብቂው የኖርሽው ነገር መሆኑን እያወቅኩ። አለቃሽን ለምነሽ ተመለስሽ አሉ። ማሂ ደግሞ ፍራሹን አልመልስም አለች አሉ። እዚህ ላይ ትንሽ ፈገግ ካልሽ ይበቃኛል።

ከዚያ ወዲህ ለቀልድም ጉልበት የለኝም። ደክሞኛል ሃዊኮ። ጎማው አይደለም ያደከመኝ።

ወደ ቁም ነገሩ። ሳታኮርፊኝ በፊት «ቶሎ የሚያስገባ የነርስ ትምህርት ቤት ፈልግልኝ» ብለሽኝ ነበር። ፈለግኩ። ሦስት ቦታ ሄድኩ።

የመንግሥት ኮሌጁ ጥሩ ነው ይላሉ። ግን ፈተናው፣ ምደባው፣ ተራው ሲደማመር የሚቀጥለው ዓመት ክረምት ላይ ይወድቃል። ያን ያህል መጠበቅ አንችልም። አትችይም ማለቴ ነው።

ሁለተኛው በኢተያ መንገድ አዲስ የተከፈተ ነው፤ ስሙን አልጽፍልሽም። ሰውየው «ዛሬ ትመዝገብ፣ ሰኞ ትጀምር» አለኝ። ፍጥነቱ ደስ አለኝና «እኔስ? ስምንተኛን ሁለቴ ደግሜ ዘጠነኛ ላይ የተውኩትስ?» አልኩት። «ምን ችግር አለው ወንድሜ፣ ወረቀቱን እኛ እናስተካክላለን» አለኝ። ሃዊኮ፣ እኔን ነርስ የሚያደርግ ኮሌጅ በሽተኛ ለመጨረስ የተከፈተ ነው። ወጣሁ።

ሦስተኛው ከቤታችን በእግር ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ኃላፊዋ ሲስተር ሸዋዬ ይባላሉ፤ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው ነው ሰው የሚያዩት። ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኳቸው።

«ዘጠነኛ ክፍል?» አሉኝ።

«አዎ ሲስተር። ልቤ ግን አሥራ ሁለተኛን ጨርሷል።»

«እንግዲያው ልብህ ይመዝገብ፣ አንተ ውጣ።»

ትምህርት ቤትሽ ይሄ ነው፣ አልኩ በሆዴ። ፈቃዳቸውም ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ቁጥሩን መዳፌ ላይ ጽፌ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ድረስ ሄጄ አጣርቻለሁ።

ስወጣ የመለማመጃ ክፍላቸው በሩ ክፍት ነበር። አልጋው ላይ የፕላስቲክ ሰው ተኝቷል። «እኚህ አባት ምን ነካቸው?» አልኩ። ሲስተር ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። ከዚያ እንዲያው ለጨዋታ ያህል፣ ብዙ የተኛ ሰው ጀርባው እንዳይቆስል እንዴት ነው የሚገላበጠው ብዬ ጠየቅኳቸው። ገቡና በፕላስቲኩ ሰው አሳዩኝ፦ በየሁለት ሰዓቱ፣ ትራስ በጉልበትና በጉልበት መሃል። አሁን ጎበዝ ሆኛለሁ። በፕላስቲኩ ማለቴ ነው።

«ቤት ማን አለ?» አሉኝ።

«ማንም።»

አላመኑኝም። አንቺ ብቻ አይደለሽም የማታምኚኝ። ዝርዝራቸውን አውጥተው «ሁለት ቦታ ቀርቶኛል፤ እህትህ እስከ ጳጉሜን ሦስት ራሷ ከቀረበች አንዱን እይዝላታለሁ» አሉ። ትምህርቱ መስከረም 19 ይጀመራል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤትሽን ከእማዬ ሳጥን አውጥቼ ኮፒውን ሰጥቻለሁ። የቀረሽው አንቺ ነሽ።

እማዬ ደህና ናት። እንዲህ ብለህ ጻፍ ስላለችኝ ነው የጻፍኩት። ስልክ ላይ የማታወራሽ ጥርሷን አሟት ነው፤ ይሄንንም እሷ ናት በል ያለችኝ። ሰሞኑን ሾርባ ወዳለች። የምሠራው እኔ ነኝ፣ እንግዲህ ትዕግሥቷን ገምቺው። ጎሚስታ የምገባውም ግማሽ ቀን ብቻ ሆኗል።

ወላሂ እውነቴን ነው ብልሽ የኔን ወላሂ ታውቂዋለሽ፤ ሐምሌም ላይ ብዬዋለሁ። የኮሌጁ ማኅተም ያለበት ወረቀት አብሬ ልኬያለሁ፤ እሱንም አስቀርጾ ነው ትያለሽ። ስለዚህ ተያዥ ጠራሁ። እማዬ ከታች ፈርማለች።

«አላህ መንገድሽን ያቅናው፣ የሰው እጅ ከማየት ይጠብቅሽ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ» ብላሻለች። ቀስ እያለች ስለምትናገር አንድም ቃል ሳላስቀር ጽፌዋለሁ።

ውሸታሙ ወንድምሽ፣
ሙንተሲር

ማስታወሻ፦ ማኅተም መምቻ ቀለም ስለሌለን እስክሪብቶ ሰብሬ ጣቷን ቀባሁት። ቀበሌ ስትሄድ ሁልጊዜ በቀኟ አውራ ጣት እንደምትፈርም ታውቂያለሽ። ይሄ የግራዋ ነው። እኔ ምንም አልነገርኩሽም።