የዓሣ ነባሪውን ጥርስ ከመቀበልዎ በፊት

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ ለሲቲቬኒ፣ ካንዳቩ ደሴት፣ ናምባሌራ መንደር።

አባቴ፣ እንዴት ሰነበቱ? ዝናብ ሲመጣ የሚነሳብዎ የጉልበት ሕመም እንዴት አደረገዎ? እማዬስ እህል መቅመስ ጀመረች ወይስ አሁንም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው የምትውለው? እህቴ ሊቲያና ልጆቿ ደህና ናቸው ወይ? የጎደሬው ማሳ በጎርፍ ተበላ ብላ ጽፋልኝ አዝኛለሁ፤ እርስዎና አፒሳይ ያን ሁሉ ድንጋይ ስትክቡ የዋላችሁበት ቀን ትዝ አለኝ። እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፣ ቁስል የለብኝም። ሌላውን አይጠይቁኝ፣ ራሴ እነግርዎታለሁ።

ይህን ወረቀት የሰጠኝ ራቱ ኤሞሲ ነው። እናንተ ዘንድ ‘ራቱ’ ተብሎ የሚከበር የባላባታችን የበኩር ልጅ ነው፣ እዚህ ደግሞ የመቶ አለቃችን። አንቱ ሳልለው ስለጻፍኩ አይቆጡኝ፤ ዛሬ አንቱታው አልወጣ አለኝ። ትናንት ጠርቶኝ፣ “ዋይሳኬ፣ አባቴ በሚመጣው ወር የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዘው ለይቅርታ ወደ ቤታችሁ ይሄዳሉ። አባትህ እንዲቀበሏቸው ሁለት ቃል ጣል አድርግላቸው” አለኝ። ሁለት ቃል! ለወንድሜ ለአፒሳይ ሞት ሁለት ቃል! ያን ጥርስ አንድ ጊዜ በእጅዎ ከያዙት ነገሩ እንደሚቀበር ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ከዚያ ወዲያ አፒሳይ እንዴት ሞተ ብሎ መጠየቅ ነውር ይሆናል፣ መቆጣትም ነውር ይሆናል። ስለዚህ ሁሉንም እጽፋለሁ። እርስዎ ሳያውቁ እጅዎን እንዲዘረጉ አልፈልግም።

ባላባታችን በቤተ ክርስቲያን ቆመው “አፒሳይ እየዘመረ ሞተ” ማለታቸውንም ሊቲያ ጽፋልኛለች። ይህን ሳነብ ደሜ ፈላ። ማነው የዘመረው? ማነው ቆሞ የሰማው? አልዘመረም አባቴ።

ነገሩ የጀመረው ከዋዜማው ነው። እኔና ኢኖኬ ወንዙን ተከትለን ለቅኝት ወጥተን ነበር። ኢኖኬን ያውቁታል፤ ሊቲያ ስትዳር ከሌላ ደሴት ድረስ መጥቶ አሳማውን ከነምድጃው ድንጋይ አንስቶ የሮጠው ያ የቀልድ ዘመዳችን ነው። ከወንዙ ማዶ፣ መሻገሪያው ፊት ለፊት፣ ምሽግ ለመሸፈን ተቆርጠው መሬት ላይ የተተከሉ ቅጠሎች አየን። ጫፋቸው ብቻ ነበር የጠወለገው። በዚህ ሙቀት የተቆረጠ ቅጠል ከሁለት ቀን በላይ አረንጓዴ ሆኖ አይቆይም፤ የሚቀይረው ሰው አለ ማለት ነው። ተመልሼ ራቱ ኤሞሲ ፊት ቁጢጥ ብዬ ያየሁትን ነገርኩት። ካርታውን እያየ “የድሮ ምሽግ ነው፣ ጃፓኖቹ ትተውት ሄደዋል” አለኝ። እኔም “እሺ ጌታዬ” አልኩ። በሰው ፊት የባላባትን ልጅ ቃል ሁለተኛ መመለስ አላደግሁበትም። ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፤ ይህንንም በንዴት ነው የምጽፈው።

ዝም ብዬ ግን አልተኛሁም። ኢኖኬን ለብቻው ወስጄ “አንተ ንገረው፣ አንተ ብትሰድበውም አይቀየምም” አልኩት። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። የእኛን ባላባት ፊት ለፊት አዋርዶ ሳቅ የሚያተርፍ የቀልድ ዘመድ ብቻ ነውና እሱ ካላለው ማን ሊል ይችላል ብዬ።

ጠዋት በካፊያ አርባ አንድ ሰው ሆነን ወንዙ ዳር ቆምን። ራቱ ኤሞሲ በአንድ መስመር ተሻገሩ ብሎ አዘዘ። ይሄኔ ኢኖኬ ጮኸ። “ስሙኝ! ይሄ አጥንቱ ብቻ የቀረ ዓሣ አለቃችሁ እየነዳ በቀጥታ ወደ ጃፓን ምድጃ ሊከታችሁ ነው! እናንተ የካንዳቩ ሰዎች እንደ አሳማ ስትገላበጡ እኔ ከዚህ ሆኜ ጎደሬዬን እልጣለሁ!” ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ራቱ ኤሞሲም እየሳቀ “ልጣ! ጨው እንዳትረሳ ብቻ!” አለው። ኢኖኬ አልሳቀም። “ኤሞሲ፣ አሁን እየቀለድኩ አይደለም። ቅጠሉ ትኩስ ነው” አለ። የባሰ ተሳቀ። የቀልድ ዘመድ ከማታለሉ በፊት ሁልጊዜ እየቀለድኩ አይደለም ይል የለ? አፒሳይ ጉልበቱን ይዞ እስኪያለቅስ ሳቀ። ያን ጊዜ ራቱ ኤሞሲ ወደ እኔ ዞሮ “ዋይሳኬ፣ ይሄ ሰውዬ ፈርቷል እንዴ?” ብሎ ጠየቀኝ።

አባቴ፣ እዚህ ላይ ብዕሬ ይቆማል። በሰው ፊት ጠየቀኝ፣ መንገዱን ራሱ ከፈተልኝ። እውነቱን ነው ጌታዬ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። እኔ ግን ሳቅሁ። ከሁሉም ጋር አብሬ ሳቅሁ።

ራቱ ኤሞሲ ቀድሞ ገባ። አፒሳይ ሰባተኛ የነበረ ይመስለኛል፣ የጥይት ሣጥን በትከሻው ተሸክሞ። እኔ ከኋላ ነበርኩ። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ማዶ ሊደርሱ ሲሉ ከዚያ ቅጠል ውስጥ መትረየሱ ተከፈተ። ውሃው ፈላ። የወደቀው ወደቀ፣ የተረፈው ዳርና ዳር ባሉት የዛፍ ሥሮች መካከል ተወሸቀ። እኔ ውሃው ገና ጉልበቴን ሳይነካኝ ወደ ኋላ ተወርውሬ ከአንድ ግንድ ጀርባ ተጋደምኩ። ከዚያም ከጧት እስከ ቀትር ጭቃ ውስጥ እንደ ተጋደምን ቀረን። የእኛ ሞርታር ዛፍ እየመታ በራሳችን ላይ ስንጣሪ ያዘንባል፣ የእነሱ መትረየስ ቀና ያለውን ራስ ሁሉ ይለቅማል። ውሃ ጥሙ ያቃጥላል፣ ወንዙ ሁለት ክንድ ላይ እያለ።

አፒሳይ ውሃው ወስዶት በወንዙ መካከል ካለ ድንጋይ ጋር ተጣብቆ ነበር፣ ሆዱን ተመትቶ። አልዘመረም። ይጠራኝ ነበር። “ዋይሳኬ! ዋይሳኬ፣ ውሃው ቀዘቀዘኝ!” ይል ነበር። አንድ ሰዓት ይሁን ከዚያ በላይ አላውቅም። ሁለት ጊዜ ተነስቼ ሁለት ጊዜ ተመልሼ ተኛሁ። በመጨረሻ ሄዶ ያመጣው ማን እንደሆነ ያውቃሉ? ራቱ ኤሞሲ ነው። በዚያ ጥይት መካከል ተስቦ ገብቶ፣ አንገቱን አቅፎ፣ እየጎተተ ወደ እኛ ዳር አወጣው። ፈሪ ነው ብዬ እንኳ ልጠላው አልቻልኩም፤ እንዲያውም የበለጠ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። አፒሳይ ግን እጁ ላይ አለፈ። መትረየሱን ያጠፋው ከላይ ዞሮ ቦምብ የወረወረው ኢኖኬ ነው፤ ሁለት ጣቱን ከፍሎበታል። ስድስት ሰው ቀበርን። ማታ ኢኖኬ ፋሻውን እያየ “ከእንግዲህ ለእናንተ አልቀልድም። የሚሰማኝ ሰው አላችሁ ብዬ ነበር” አለኝ።

እንግዲህ ይኸው ነው። በራቱ ኤሞሲ ተናድጃለሁ፣ ቅጠል ለማያውቅ ሰው አርባ ነፍስ በሰጡት ተናድጃለሁ፣ በሐሰት በዘመሩልን ባላባት ተናድጃለሁ። በራሴ ላይ ያለኝን ንዴት የምጽፍበት ቃል የለኝም። ባላባቱ ጥርስ ካመጡ እኔም ማምጣት ይገባኛል፤ ስመጣ በደጅዎ ተንበርክኬ እጠይቅዎታለሁ፣ እንቢ ቢሉኝ አልፈርድብዎትም።

ስለ እነሱ ጥርስ ግን የምለው አለኝ። ደብዳቤያችንን ሳናሽግ ለመቶ አለቃችን ነው የምንሰጠው። እሱ አንብቦ ያልወደደውን በመቀስ ይቆርጣል፣ ሕጉ ነው። ያለሁበትን ስም መጻፍም ክልክል ነው፤ እኔ ግን ቡገንቪል ብዬ ጽፌዋለሁ። ይህ ወረቀት ተበሳስቶ ከደረስዎ፣ አባቴ፣ ባላባቱ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ቢሉም እጅዎን እንዳይዘረጉ። እንደ ጻፍኩት ሙሉውን ከደረስዎ ግን ልጃቸው ሊያፍር የሚችል ሰው ነውና ይቀበሏቸው። ለእኔ ከባድ ነው፣ ግን ይቀበሏቸው።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ፣ እንድትበላም ይለምኑልኝ። ሊቲያን፣ ባሏንና ልጆቿን አንድ በአንድ ይሳሙልኝ። አያቴን እንዳልረሳኋት ይንገሯት። አጎቴ አፔኒሳ የአፒሳይን መረብ ለሌላ ሰው እንዳይሰጥብኝ።

ልጅዎ ዋይሳኬ
ቡገንቪል፣ ጁን 27 ቀን 1944

(ከግርጌው በሌላ ሰው እጅ፣ በእርሳስ፦)

አንብቤዋለሁ። ምንም አልቆረጥኩም። አፒሳይ ሰባተኛ አልነበረም፣ ሁለተኛ ነበር። ከጀርባዬ የመንደሬ ልጅ እንዲሆን ፈልጌ ከሰልፉ ጠርቼ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ኤሞሲ።